በሩ እስኪከፈት

ባለቤቴ ቀስ ብሎ መሄድ አይሆንላትም። የሰፈሩ ሰው «ነፋሷ» የሚላት ያለ ነገር አይደለም። ሥራዋ የአዛውንቶችን ጤና ማጥናት ነው፤ በየሁለት ዓመቱ እነዚያኑ ሰዎች በየቤታቸው እየሄደች የእጃቸውን ጉልበት ትለካለች፣ ከወንበር አስነስታ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ክፍሉን አቋርጠው ሲራመዱ ሰዓት ትይዛለች። አንኳኩታ የሚከፍት ካጣች «አልተገኙም» ብላ ወደሚቀጥለው ቤት ትበራለች።

የዘንድሮው ውጤት ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ፈነደቀ። አዛውንቶቹ ካለፈው ዙር ይልቅ ጠንክረዋል! ማዘጋጃ ቤቱም አላመነታም፤ «እንዲህ ከበረቱማ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ምን ታደርጋለች?» ብሎ አገልግሎቱን ሊዘጋ ተነሳ። የእናቴን የእግር ቁስል የምታጥበው ያቺው ነርስ ናት። ደሜ ፈላ። ሚስቴ ግን «ቁጥሩ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ተኳርፈን አደርን።

በማግስቱ ለእናቴ መድኃኒት ይዘን ሄድን። ሚስቴ አንኳኳች። ዝም። ደግማ አንኳኳች። አሁንም ዝም። እግሯ በልማድ ዞሮ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር፤ በሩ ሲጢጥ ሲል ዞር አለች። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ታለከልካለች።

«መጣሁ መጣሁ ስል አትሰሚም እንዴ ልጄ? ከአልጋዬ እስከዚህ ለእኔ ሩቅ አገር ነው እኮ!»

 ሚስቴ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። «የከፈቱልኝማ ጉልበት ያላቸው ናቸው! ደካሞቹን በሩ ጋ ሳይደርሱ ጥያቸው ሄጃለሁ! ለዚህ ነው ሁሉም የበረታ የመሰለን!»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አልኳት፤ አላስችል ብሎኝ።

«ተረትህን ተውና መኪናውን አስነሳ!»

የጥናቱ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «የጠፉት ሰዎች ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር እኮ! ሂጂ፣ ፈልጊያቸው!» አለ። ሄድን። እያንኳኳች ትጠብቃለች፤ ሚስቴ፣ ነፋሷ፣ ቆማ ትጠብቃለች! ጥፍሯን እየበላች፣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ። ከውስጥ ምርኩዝ ቋ ቋ ሲል በሰማች ቁጥር እጄን ጨምቃ «አሉ! አሉ!» ትለኛለች። እኔም ልቤ እንደ ልጅ ይዘልል ጀመር። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከፍተው አዩአትና «አንቺ ነሽ? ባለፈውም እኮ ከፍቼ ነበር፤ ጀርባሽን ነው ያየሁት» አሏት። እጃቸውን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። በእርግጥ የሞቱም፣ ልጆቻቸው ጋ የሄዱም ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው ከበራቸው ጀርባ ነበሩ።

ስሌቱ እንደገና ተሠራ፤ ኃላፊው ራሱ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ይዞት ሄደ። መልሱ የመጣ ዕለት ሚስቴ እናቴ ቤት እየዘለለች ገባች።

«የምሥራች!»

«ምሥር ብዪ!»

«አዛውንቶቹ ደካሞች ናቸው!»

እናቴ ሳቋ አፈናት። «ውይ በሞትኩት! ይሄም የምሥራች ሆኖ?»

«ነርሷ ትቀጥላለች ማለት ነው እኮ፣ እማዬ!»

እናቴ ሳቋን አቆመች። በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን አየት አደረገችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ማን ያጥብልኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች፤ «እንዳትጣሉብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኳችሁ።»