ቆጣሪ አንፈልግም ያልን ቀን

ባለፈው እሑድ ለውኃ ጉዳይ ቀበሌ ተጠራን። መንግሥት ትልቅ ማጠራቀሚያ ያሠራል፣ ቆጣሪውን ግን እያንዳንዱ ቤት ከኪሱ ያስገባል፣ ወርኃዊ ክፍያውም ይጨምራል ተባለ። ይህስ ይሁን አልሁ። በኋላ ሰብሳቢው፣ የልጅ ልጄ እኩያ የሚሆን ሰው፣ «የሐይቁ ዳር ሰፈር እንደሆነ ድሮም ውኃ ይግባልህ ሲባል እምቢ ያለ ነው» ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። ደሜ ፈላ። የዚያን እምቢታ ነገር የማውቀው እኔ ነኝና።

ያኔ አራተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። የሐይቁ ዳር ሰፈራችን አንዲት ቦኖ፣ የጋራ ቧንቧ ነበረችው። የቧንቧዋን ቦይ የቆፈሩት የኛው እናቶችና አባቶች ናቸው፤ በጋውን ሙሉ፣ በሶ በጥብጠው እየጠጡ፣ ያንን ጥቁር ድንጋይ በዲጅኖ እየፈነቀሉ። ውኃው ብረት ብረት ቢልም ከሐይቁ ይሻል ነበር። የሐይቁ ውኃ ደንገልና ዓሣ ይሸታል፤ ክረምት ሲገባማ እንደ አተላ ይደፈርሳል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሸሚዙን የተኮሰ አንድ ሹም ወረቀት ይዞ መጣ። «ማንበብ የሚችል አለ?» ሲል እናቴ ኮርታ ወደ ፊት ገፋችኝ። «በየቤቱ ቆጣሪ እንዲገባ የምትስማሙ» ብዬ ጮክ አድርጌ አነበብሁ።

«የምን ቆጣሪ?» አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ደሴ።

«ሰው የሚቆጥር ነዋ» አልሁ። ቆጣሪ ሲባል የማውቀው በሰልፍ አቁመው የሚቆጥሩንን መምህር ብቻ ነበር።

«ቤታችን ድረስ ገብቶ?»

«እንደዚያ ይላል፣ አያ።»

«የተቆጠረ ልጅ አይበረክትም፤ ይቅርብን» አሉ። ሁለት ልጅ የቀበረችው እናቴም፣ «የቀሩኝን ደግሞ ደጄ ላይ ቆሞ ሊቆጥርብኝ ነው?» አለች።

ሹሙ ሁሉንም ሰምቷል። ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። የጣት ቀለሙን አወጣና፣ «እንግዲያው አንፈልግም በሉና አውራ ጣታችሁን አሳርፉ» አለ። ሁሉም አሳረፉ።

ሐምሌ ሳይጋመስ ቦኖዋ ተቆለፈች። ውኃው እኛ በቆፈርነው ቦይ አልፎ ቆጣሪ ወዳስገቡት የላይኛው ሰፈር ደመወዝተኞች ሄደ። አያ ደሴ አቤት ሊሉ ቢሄዱ ያው ሹም የገዛ ጣታቸውን አሻራ አሳያቸው። «ፈርመዋል እኮ፣ አባት።»

እናቴ ወገቧን ታማ ስለነበር እንስራው በእኔ ጀርባ ቀረ። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት የሐይቅ ምልልስ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። መስከረም ሲጠባ እኩዮቼ ለምዝገባ ሲሄዱ አባቴን በዓይኔ ለመንሁት። «ማንበብሽማ አየነው፤ ምን ጠቀመን?» አለኝ። ትምህርቴ በዚያው ቀረ።

እሑድ ዕለት ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርሁ። ሰብሳቢው ሳቁን ትቶ፣ «እማማ፣ ዘመኑ ነው፤ ያኔ ሰዉ አያውቅም ነበር» አለኝ።

«እኛ አናውቅም ነበር» አልሁት። «የሚያውቀው ሰው ግን እዚያው መካከላችን ቆሞ ነበር።»

ይህችን ቃል ለማግኘት ዕድሜዬን ፈጀሁ። አባቴ ግን ሳይሰማት ሞተ፤ እሱ ዘንድ ሰፈሩን ውኃ ያስጠማሁት እኔ እንደሆንሁ ቀረሁ።