የተዘቀዘቀ ነጠላ

ልጄ ስትወልድ ሕፃኑ ሳይተነፍስ ቀረ። የእሷ ደም ደግሞ አልቆም ብሎ ፍራሹን ሲያርሰው፣ ሞት ቤቴን ገና እንዳልለቀቀ ያኔ ገባኝ። ቢቸና ያሉት ሐኪሞች "ቶሎ ሞጣ ሆስፒታል አድርሷት" አሉን። የንስሐ አባቴ መኪናው ድረስ መጥተው፣ "አይዞሽ፣ እግዜር አልተውሽም ብሏል፤ ያለውን አያስቀርም" አሉኝ።

አፌ አሜን አለ፤ እጄ ግን አላመነም። መንገድ ላይ ሳላስበው የነጠላዬን ጥለት ወደ ላይ አዙሬ እንደ ሐዘንተኛ ለበስኩት።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ልጄ ዐይኗን ገለጠች።

"እማ፣ ለማን ነው ያዘቀዘቅሽው?"

"ለሕፃኑ ነዋ።"

"ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ማን ያዘቀዝቃል? ለኔ ነው እንጂ። ምነው፣ እስክሞት እንኳ ብትጠብቂኝ?" አለች በደከመ ድምፅ፤ ፈገግ ልትል ሞከረች።

ነጠላዬን እየመለስኩ፣ "ጌታዬ፣ እኔ ብጠራጠርም አንተ ቃልህን አትለውጥ" ብዬ አለቀስኩ።

ሞጣ ደም ሰጧት፤ የሚፈሰውም ቆመ። የልጅ ልጄን ጎረቤቶች ቢቸና ቀበሩት፤ ፊቱን እንኳ በወጉ አላየሁትም። ልጄ ስትነቃ ግን እጇን ይዤ፣ "ደርሰናል ልጄ፤ ተርፈሻል" አልኳት።