የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም!» እያለ ወደ ፋርማሲው ይገባል። ከጁባ አዳማ ድረስ ለትምህርት የመጣ መለሎ ወጣት ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጅጌውን እስከ አንጓው አውርዶ ነው የሚሄደው፤ የወባ ትንኝ እንዳትነድፈው እናቱ በስልክ አስምላዋለች።

«እህቴ፣ ትኩሳት ለኪልኝ» ይላል በተሰባበረ አማርኛ።

የፋርማሲዋ ባለቤት ዱሬቲ ትለካዋለች። አንድም ቀን ትኩሳት ተገኝቶበት አያውቅም። «ደህና ነህ» ስትለው ግን ቶሎ አይሄድም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ፣ የነፍሰ ጡሮቹን ምክር ሳይቀር፣ ቆሞ ያያል።

ዛሬ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ የተማሪዎች ክሊኒክ ካርዱ ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ዱሬቲ ልታቀብለው ስታነሳው የራሷን ስልክ ቁጥር አየች። የፋርማሲዋ ስልክ ከታተመበት የመድኃኒት ከረጢት ላይ ገልብጦ «የአደጋ ጊዜ ተጠሪ» በሚለው ቦታ ሞልቶታል። ከጎኑ፣ ዝምድና በሚለው፣ «እህት» ይላል።

«እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ዱሬቲ ካርዱን ከመመለሷ በፊት ገልበጥ አድርጋ ስሙን ፈለገች። ስድስት ወር ሙሉ ስትለካው ጠይቃው አታውቅም ነበር።