የአለቃ ክንፉ ሩቅ ተራራ

በደብረ ብርሃንና በመዘዞ ሥዕል ያሠራችኋቸው፣ እዚህ አንኮበርም በደጃቸው ስታልፉ «ዛሬስ ቆላው ምን ቀለም ነው አለቃ?» እያላችሁ የቀለዳችሁባቸው ሁሉ፣ አጎቴ አለቃ ክንፉ በሐምሌ አጋማሽ አርፈዋል። በዝናቡ ምክንያት ወሬው ላልደረሳችሁ ነው ይህን የምጽፈው፤ ትናንት አርባቸው ወጣ። በለቅሶው ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ጥፍሬን አይ ነበር፤ ሥሩ ከፈጨሁት ቀለም ሰማያዊ ነበር። አንዲት ዘመዳችን «የዚች ልጅ ልብ ድንጋይ ነው» ስትል ሰማሁ። አልከፋኝም። ምንም አልተሰማኝም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። መጻፍ ደስ ይለኛል፤ በሐዘን ቤት እንዲህ ማለት ነውር ከሆነ ይቅር በሉኝ። ማልቀሱ ስላልሆነልኝ እጽፋለሁ።

አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደ ነበሩ ታውቃላችሁ። አንድ መንገደኛ ፈረንጅ ቀለምን በተልባ ዘይት መለወስ ካሳያቸው ወዲህ ግን ሌላ ሐሳብ ያዛቸው። ከጓሯችን ቁልቁል የሚታየውን ቆላ፣ ቅዱስም ንጉሥም ሳይጨምሩ፣ ብቻውን መሣል ፈለጉ። «ቅርብ ያለውን ዛፍ ማንም ይቀባዋል፤ እኔን የቸገረኝ ርቀቱ ነው» ይሉ ነበር።

ቀለሙን የሚሞክሩት በገል ላይ ነው። ስባሪውን የምታመጣላቸው አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሌላው ሰው ከደጅ የሚመልሳትን ሴት እሳቸው መደብ ላይ አስቀምጠው፣ ጠላ አስቀድተው፣ ልጆቿን በየስማቸው እየጠሩ ደኅንነታቸውን ይጠይቋት ነበር። እኔ ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ ያመጣውን ሰማያዊ ቀለም እፈጫለሁ። እሳቸው ነጭ ይጨምሩበታል፣ ቀይ አፈር በጣታቸው ጫፍ ጣል ያደርጉበታል፤ ከዚያ ገሉን አጥር ላይ አኑረው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ከእውነተኛው ተራራ ጋር ያስተያዩታል። አንድ ቀን እንዲህ ሲሄዱ የጎረቤት በግ አደናቅፏቸው በጀርባቸው ወደቁ። ደንግጬ ስሮጥ፣ እንደ ተጋደሙ «ቀይ በዝቶበታል» አሉኝ።

ሥዕሉ በአቡጀዲ ላይ ሲያልቅ ተራራው በእርግጥ ራቀ። ባለቤታቸው እመት ዘነበች ግን ሥዕል መከደን አለበት ብለው ነጠላ ሸፈኑበት። አለቃ «ይህ እኮ ቅዱስ አይደለም፣ ቆላ ነው» ቢሏቸው «ቆላውንስ ማን ፈጠረው?» አሉ።

ክረምቱ አልፎ ነጠላው ሲነሣ ሰማያዊው ወይቦ አረንጓዴ ሆኖ፣ ተራራው የጓሮ ጎመን መስሎ ቀርቦ ተገኘ። አለቃ ተልባውን እየረገሙ ግቢውን ዞሩት። እመት ዘነበች «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» ብለው ሳቁባቸው።

ምክንያቱ የተገለጠልን ሳጥን ስናነሣ ነው። ከኋላው አንድ ገል ወድቆ ኖሯል። ከዚያው ልውስ የተቀባው ሌላው ገል አጥር ላይ ፀሐይ እየመታው ሰማያዊ እንደ ሆነ ቆይቷል፤ ጨለማ ያገኘው ይህኛው ግን ወይቧል። አለቃ የወየበውን ደጅ አውጥተው በየማለዳው ያዩት ጀመር። ቀስ እያለ ሰማያዊው ተመለሰ። «አየሽ ልጄ፣ ተልባው አልከዳኝም። ብርሃን ርቦት ነው» አሉኝ። ሥዕሉንም እንዲሁ በፀሐይ መለሱት፤ ከዚያ ወዲያ ሳይከደን መስኮቱ ፊት ኖረ።

ባረፉ ዕለት እመት ዘነበች ነጠላውን መልሰው አለበሱት። ትናንት እንግዶቹ ሲሄዱ ገለጥሁት። ተራራው ቀርቧል።

እመትን ደጅ እናውጣው አልኋቸው። የሐዘን ቤት ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ከዚያ ከሥዕሉ ያነሣሁትን ነጠላ ወስደው አጣጠፉት።

«እኔ እኮ የሸፈንሁት እንዳይበርዳቸው ነው» አሉ። ቀጥለውም «በዚያ በኩል ያዢው» አሉኝ።

ጋሼ ክንፉ፣ ሥዕልዎ ከጎመኑ አጠገብ ፀሐይ ላይ ቆሟል። የጎረቤትን በግ አሳስረናል። ደመና ሲመጣ እኔና እመት እየተጠራራን እናስገባዋለን። ተራራው ገና ቅርብ ነው፤ እርስዎም ሩቅ የሄዱ አይመስለኝም። ሰማያዊው ሲመለስ ያኔ አለቅስልዎታለሁ። እስከዚያው በደኅና ይሂዱ።