«ቤቶች!» የሚል ሲጠፋ

የምጽፈው ልብ ወለድ ብቻውን ስለሚኖር አንድ ሽማግሌ ነው። አንባቢዬ የሰውዬውን ብቸኝነት በአፍንጫው፣ በጆሮው፣ በጣቱ እንዲያውቅልኝ ጓጉቼ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሽታ በሽታ አደረግሁት። የከረመ ጋቢ፣ ከሐይቅ ዳር የሚመጣ የረጠበ ደንገል፣ የሻገተ ዳቦ። ኩራቴ አይጣል!

የማነብለት ሰው ሳጣ ጎረቤቴ ሐጂ ትዝ አሉኝ። ዓባይ ማዶ በሚባለው ሰፈር ግቢያችን አጥር ለአጥር ነው። ድሮ ወረታ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተዋል። «ላንብብልዎ?» ብላቸው፣ «ምኑን ትጠይቂኛለሽ፣ አንብቢ እንጂ!» አሉ።

ግቢያቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጀመርሁ። ዳቦው ላይ ስደርስ፣ «ምን በድሎሽ ነው ሻጋታ የምታበይው?» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ አንድ እንግዳ የሽማግሌውን በር ያንኳኳል። ሐጂ እጃቸውን ብድግ አደረጉ።

«ቆይ ቆይ! ማነው የሚያንኳኳው?»

«የጥንት ወዳጁ ነው፣ ሐጂ።»

«ወላሂ አይደለም! በር የሚያንኳኳማ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ነው። ወዳጅ ከደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል፤ አንቺም ‹ደጆች!› ብለሽ ትወጫለሽ። እኔ ቤት ይሄው ስንት ጊዜው፣ ኳ ኳ ብቻ ነው የምሰማው።»

ኧረ ጉድ! ከበርጩማው ዘልዬ ተነሣሁ። ያን ሁሉ ሽታ ስለቃቅም የከረምሁት ለካ ይህችን አንዲት ድምፅ አጥቼ ነው! «አገኘሁት፣ ሐጂ! አገኘሁት!» እያልሁ ግቢው ውስጥ ስዞር፣ እሳቸውም አብረውኝ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«መጨረሻውስ?» አሉኝ ሳቃቸው ሲበርድ። «ሰው ይመጣለታል?»

በእኔ ጽሑፍ ከዚያ ወዳጅ በኋላ ማንም አይመጣለትም፤ ብቻውን ይሞታል። ያንን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «ገና አልጨረስሁትም» አልሁ።

«እንግዲያ ፍጠኝ፣ ልጄ። ሰውዬው እየጠበቀ ነው።»

ቤት እንደገባሁ ያን ሞት ሰረዝሁት። እንዲህ ደስ እያለኝ ጽፌ አላውቅም! በማግስቱ ረፋድ ላይ ወረቀቴን ታቅፌ፣ በደጃችን ከሚያልፉት ባጃጆች እየተጋፋሁ ወደ ሐጂ በር ሮጥሁ። ቆምሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽሁ።

«ቤቶች!»

«ደጆች!»

አፌን እንኳ አልከደንሁም። ድምፁ የመጣው ከቤት ውስጥ አይደለም፤ ከብረት በሩ ጀርባ ነው። ሲከፍቱ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን ተጫምተው ቆመዋል።

«ኧረ ሐጂ፣ እዚህ በር ሥር ምን ያደርጋሉ?»

«ምናልባት ‹ቤቶች› ብትይኝ» አሉ፣ «ከውስጥ ሆኜ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።»