ወተቱን ሊሰበስብ የመጣው ባለሱቅ

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ አቃቂ ወዳለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስመለስ፣ ልጄን ቀን ቀን የዱቄት ወተት እየበጠበጡ የሚያጠጡልኝ አማቴ ነበሩ። ወተቱን የምገዛው ከሰፈራችን ባለሱቅ ነው። የስልጤ ሰው ነው፣ ዝምተኛ። በዕድሜ ብዙም ባይበልጠኝም ጋሼ እለዋለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ የፋብሪካው ካፌ ሬዲዮ የዚያን ወተት ስም ጠራ። ብልሽት ተገኝቶበታል፤ ከጣሳው ሥር የታተመውን ቁጥር እዩ፤ የምንነግራችሁ ቁጥር ከሆነ ለሕፃን አትስጡ፣ ወደ ገዛችሁበት መልሱ ይላል። ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። እንደምንም ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጻፍኩት። የፈረቃ አለቃዬ ፊቴን አይቶ፣ «ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ተዘግቷል። በጠራራ ፀሐይ ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች፣ «ሬዲዮውን ሰምቶ ነው የጠፋው» ይባባላሉ። እኔም አመንኩ። በልቤ እየረገምኩት ወደ ቤት ሮጥኩ።

ጆንያ በትከሻው አንጠልጥሎ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ አገኘሁት።

«እማማ፣ ጣሳውን ይስጡኝ» ይላቸዋል አማቴን።

«ገና ግማሹም አላለቀ! ልጁ እንደሆነ ደህና ነው፣ ይኸው እየው» ይላሉ፣ ጣሳውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው።

«ደህንነቱ በዓይን አይታወቅም እኮ፣ እማማ። የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ፤ እኔው ልውሰደው።»

ጣሳውን ተቀብዬ ሥሩን አየሁ። መዳፌ ላይ ያለው ቁጥር ራሱ ነው። ልጄ ጠዋት ከዚያው ጠጥቷል። ወተቱን ልደፋው ቃጣሁ።

«እንዳትደፊው፣ እህቴ» አለኝ። «ልጁንም ጣሳውንም ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የጠጣውን ይዩት።»

ሱቁን የዘጋው ቤት ለቤት ሊዞር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄን አዝዬ፣ ጣሳውን ይዤ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ልጄን አገላብጣ አየችው። ትኩሳት የለውም፣ ሆዱም ደህና ነው። ጡት ብቻ እንድሰጠው፣ ካስመለሰው ግን ፈጥኜ እንዳመጣው ነግራኝ ጣሳውን አስቀረችው። ስወጣ ባለሱቁን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጆንያው ሞልቶ ጣሳዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

«አንዲት ቀረችኝ» አለ። «ቤት ለውጣ ቃሊቲ ሄደች አሉ እንጂ ቤቷን አላውቀውም።»

እኔ አውቀው ነበር፤ ሴትዮዋ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትሠራ ነበር። ልጄን ቤት አድርሼ ለአማቴ ሰጠሁና ከእሱ ጋር ጋሪ ተሳፈርኩ። አቧራው ፊታችን ላይ ይቦናል። በመንገድ ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየ ነበር።

ስንደርስ ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኗን ታቅፋ ጡጦውን ወደ አፉ እያስጠጋች ነበር።

«አታጠጪው!» ብሎ ጮኸ። ያ ድምፁን የማንሰማው ሰው!

ጡጦው ከእጇ ወደቀ። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሬዲዮው ያለውን ሁሉ ነገራት፤ ወተቱን ያበላሸው እሱ ይመስል፣ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት። የፈሰሰውን ወተት እያየች ልጇን ደጋግማ ሳመችው። ጣሳው ገና ያን ዕለት ጠዋት የተከፈተ ነበር፤ እሷንም ልጁን ይዛ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነገርናት።

ስንመለስ ሱቁ ደጃፍ ጆንያውን ዘረገፈው። ማንም መልሶ እንዳይሸጠው እያንዳንዱን ጣሳ በቢላ በሳው። ቅድም ሲያሙት የነበሩት ሴቶች ከብበው ያያሉ። እኔም እያየሁት እንባዬ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ከተበሳ አከፋፋዩ ገንዘብህን ይመልስልሃል?» አልኩት።

«እሱን ነገ እናያለን» አለ፣ ቀና ሳይል። «ዛሬ ልጆቹ ደህና ይደሩልኝ።»

ደህና አደሩ። ልጄም፣ የዚያች ሴት ልጅም ምንም አልሆኑም። በማግስቱ ወደ ሥራ ሳልፍ ሱቁ ተከፍቷል፤ እሱም እንደ ወትሮው ስኳር ይመዝናል። ሰላም ልለው ስቆም ትናንት በልቤ የረገምኩት ትዝ አለኝ። ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁትና አለፍኩ።