በመሳቢያዬ ያደረው ቴሌግራም

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምት ውስጥ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ነው። ዛሬ ጠጉሬ ሸብቶ እንኳ ትዝ ባለኝ ቁጥር ራሴን እረግማለሁ። ክፋት አልሠራሁም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር።

ለሜሳ የሚባል የሳይንስ መምህር ነበረን፤ የሲሬ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ መጥቶ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ነገረ ሥራው ሁሉ ከዓሣ ጋር ነው። ከወንዝ ያመጣቸውን ዓሦች መማሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ያኖራል። የከተማው ሰው "አባ ቁርጡሚ" የሚል ስም አወጣለት፤ ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ነው። እኔም "አንተ ሰው፣ ከነቀምት እስከ ባሕር ስንት ቀን ያስኬዳል?" እያልኩ አሾፍበት ነበር። አይቆጣም። የባሕር ዓሣ ጨው ውሃ እየጠጣ እንዴት በጥም እንደማይሞት፣ ጨዉን በስንጥቡ፣ በሚተነፍስበት በኩል፣ እንዴት እንደሚያስወጣው ቁጭ አድርጎ ያስረዳኛል። ባሕር ግን በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጋዜጣ ይዞ እየሮጠ ቢሮዬ ገባ። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ፣ ምጽዋ ተቀምጦ የባሕር ዓሣን የሰውነት አሠራር የሚያጠና ተመራማሪ ይፈልጋል። ማመልከቻውን እኔው ነኝ በታይፕ የመታሁለት፤ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ወራት አለፉ፣ መልስ የለም። በዚያው ሰሞን እናቱ ታመው እኅቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰደቻቸው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በስሙ ቴሌግራም መጣ።

ያኔ በእኛ ሰፈር ቴሌግራም ማለት ሞት ነው። ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በፖስታ ይልካል እንጂ በቴሌግራም ሰው ይጠራል ብሎ ማን ያስባል? እናቱ ሆስፒታል ናቸው፤ በቃ፣ አረፉ አልኩ። የሰው ወረቀት አይከፈትም። መርዶም በወረቀት አይነገርም። ፖስታውን እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበትና የአካባቢው ሽማግሌ ወደሆኑት ኦቦ ዲንሳ ሄድኩ።

ኦቦ ዲንሳም አመሰገኑኝ። ኤሱማው፣ ማለትም የእናቱ ወንድም ሳይኖር ልጁ መርዶ አይረዳም አሉ። በሾፌር ወደ ሲሬ ላክንበት። አጎትየው ረቡዕ ማታ ራሱን ተላጭቶ ደረሰ። እኔ በእነዚያ ቀናት ከለሜሳ ጋር እራት በላሁ፣ ስለ ዓሣ ሲያወራኝ ሰማሁ፣ ዓይኑን ማየት ግን አልቻልኩም። እንዲያውም "ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?" ብሎ ሻይ አፈላልኝ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። መርዶውን አረዱት። መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ ደረቱን መታ። እኛም አብረን አለቀስን። ፀሐይ ከፍ ስትል፣ መቼ እንዳረፉ ሲጠይቅ፣ ቴሌግራሙን አውጥቼ ሰጠሁት።

ከፍቶ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ይቅረቡ ይላል። ሐሙስ ማለት ያው ያ ቀን ነው። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ገና በማለዳ ሄዷል፤ ቢኖርም በዚያ መንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ለሜሳ መጀመሪያ ያለው ስለ ሥራው አልነበረም። "እናቴ አለችማ!" ብሎ አጎቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ሳቀም፣ አለቀሰም። ሰዓቱን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሮጠን ቴሌ ሄድን፣ ሌላ ቀን ይስጡኝ ብሎ መልእክት ላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ ቦታው ተይዟል። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። "ከእንግዲህ ግን ጋሼ፣ የእኔን ወረቀት በመጣበት ሰዓት ይስጡኝ" አለ ብቻ። ማርያምን ብዬ ማልኩለት።

ሰኔ ላይ ሁለተኛው ቴሌግራም መጣ። እኔ ሞኙ፣ መሐላዬን ይዤ በዝናብ ሮጥኩ። የተያዘው ቦታ ተለቆ ይሆናል የሚል ተስፋም አድሮብኝ ነበር። ለሜሳ ክፍል ውስጥ እጁን በርሜሉ ውስጥ ከቶ ለተማሪዎቹ ዓሣ ያሳያል። "እንካ፣ ይኸው በሰዓቱ!" አልኩት፤ ፈገግ ብዬ።

እጁን በጋዋኑ ጠራርጎ ከፈተው። ተማሪዎቹ ሁሉ ያዩታል። አጎት የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ የሚደግፈው ሰው የለ። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በለሆሳስ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ጋሼ፣ ዛሬስ ቢያቆዩልኝ ምን ነበረ?" አለኝ።

 ይዤው ልወጣ ብል ክንዱን አስለቀቀኝና ብቻውን ወጣ።

ሲሬ ለእናቱ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ የዓሦቹን ውሃ የምለውጠው እኔ ነበርኩ። ሁለቱ ሞቱብኝ፤ የተረፉትን ወንዝ ወስጄ ለቀቅኳቸው። እሱም ወደ ነቀምት አልተመለሰም፣ ወደ ጊምቢ ተዛወረ። ምጽዋን ሳያይ እዚያው አስተምሮ ጡረታ ወጣ። በሰው ሰላምታ ይልክልኝ ነበር፤ ቀና ሰው ነው።

ሥራ ማጣቱን እንደተወልኝ አውቃለሁ። ያችን የሰኔዋን ቀን ግን ይተውልኝ አይተውልኝ አንድም ቀን ደፍሬ አልጠየቅኩትም። አሁን እሱም የለም። የእሱን መርዶ የነገሩኝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማልደው መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ክንዴን ይዘው። ያን ጊዜ ነው ምን እንደነሳሁት በደንብ የገባኝ።